ከመስታወቱ ጀርባ ሃያ ስምንት ሳንቲ ሜትር

የካቲት 14 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ጂንካ

ኤርጎ ዛሬ ከምሳ በፊት ላቦራቶሪ ድረስ መጣ። ላቦራቶሪ እንላታለን እንጂ የትምህርት ቤቱ የድሮ የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ናት። በሩ ላይ ቆሞ የጫማውን ጭቃ ሲጠርግ ቆየ። ጎረቤቴ ነው፣ የጭነት መኪና ሾፌር፤ ቤቴ ሲገባ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም።

"ጋሽ ፈለቀ፣ ሰው ወሰዱብኝ" አለኝ።

ረዳቱን ማለቱ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ባለፈው ሳምንት ከሌሎቹ ጋር ወደ አርባ ምንጭ ሄደ። ጭኖ የወሰዳቸውም ራሱ ኤርጎ ነው፣ በዚያው በእህል መኪናው።

ያለ ረዳት የጭነት መኪና ወደ ኋላ አይሄድም። ረዳቱ ከኋላ ቆሞ "ና! ና! ና!" ይላል፤ ሲበቃ የመኪናውን ጎን በመዳፉ ሁለቴ ይመታል። ሾፌሩ የሚያምነው ያንን ድምፅ ነው። አሁን የሚመታለት የለም። የሚሠራበት የእህል ድርጅት "ሌላ እስኪቀጠር ቻል አድርገው" ብሎታል። በዚህ ላይ በሾፌሩ በኩል ያለው ስፖኪዮ በቅርንጫፍ ተመትቶ ረግፏል።

"ብዙ የሚያሳይ፣ ሰፊ መስታወት የለህም? ኋላዬን ሁሉ የሚያሳየኝ።"

ነበረኝ። ከአዲስ አበባ በመጣው የማስተማሪያ ሣጥን ውስጥ ያለው ኮንቬክስ፤ ወደ ውጭ ያበጠው፣ የምሳ ሳህን የሚያህለው። ለክፍል ያወጣሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ግቢው፣ ባንዲራው፣ የኳስ ሜዳው፣ ከሜዳው ወዲያ ያለው ተራራ ሁሉ ውስጡ ይገባል። እኔ ያዝኩለት፤ እሱ በሽቦ አሰረው። ፊቱን ዐየና ሳቀ።

"ባለቤቴ ጤናዬ እንዲህ ትንሽ ሆኜ ብታየኝ ደስ ይላታል። ምግብ ትቀንስልኛለች።"

እንደሚያሳንስ ነግሬዋለሁ።

የካቲት 19፣ ማክሰኞ

ስምንተኛ "ለ"። ስለ ምናባዊ ምስል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ደግሜ በአማርኛ እላለሁ፤ ከኋላ የተቀመጡት ደግሞ በአገሩ ቋንቋ በአሪኛ ይባባሉታል። እያንዳንዱ ነገር ሦስት ጊዜ ይነገራል፤ ሦስተኛው ላይ ምን እንደሆነ አላውቅም።

የመስኮት መስታወት አቆምኩና ከፊቱ ሻማ ለኮስኩ። ከኋላው፣ በዚያው ርቀት፣ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ከፊት ለሚያይ ሻማው ውሃው ውስጥ ይነዳል። ዘሪቱ ተነሥታ ሄደችና ጣቷን ብርጭቆው ውስጥ ከተተች። ይህች ልጅ የሚነገራትን አትጽፍም፤ መንካት አለባት።

"ቲቸር፣ አልፈጀኝም።"

"እዚያ እሳት የለማ።"

"ታዲያ ለምን ይታያል?"

"ብርሃኑ ከዚያ የመጣ ስለሚመስል።"

"ለማን ነው የሚመስለው?"

"ለዓይን።"

"እንግዲያው ጥፋተኛው ዓይን ነው" አለች። ሳቁ።

ዓይን አላጠፋም አልኳቸው። ዓይን ብርሃን ሁሉ በቀጥታ የሚመጣ ይመስለዋል፤ ሌላ መንገድ አያውቅም። እውን ምስል ወረቀት ላይ ይወድቃል፤ ወረቀት ብትዘረጉ ትይዙታላችሁ። ምናባዊው አይያዝም። የሚያየው ሰው ከሌለ የትም የለም።

ጥሩ ትምህርት ነበር። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ደስ ያለኝ ቀን እየቀነሰ ስለመጣ ነው።

የካቲት 30፣ ቅዳሜ

ኤርጎ ሰው ገጨ። እህል መጋዘኑ በር ላይ። ወደ ኋላ ሲሄድ።

ሽማግሌው ሻንቆ። ተሸካሚው።

ሕይወታቸው አለ ይላሉ። ዝናቡ አላቆመም። ልሄድ ተነሥቼ ተመለስኩ።

መጋቢት 1፣ እሑድ

ሄጄ ዐየሁ። መኪናው እንደቆመ ነው፤ ፖሊስ ከጎኑ ላስቲክ ለብሶ ተቀምጧል። መስታወቱ ሽቦው ላይ አለ። ወደዚያ አልተጠጋሁም።

የሆነው እንዲህ ነው ይላሉ። ጋሽ ሻንቆ ልማዳቸው ነው፤ መኪና ወደ መጋዘኑ በር ሲጠጋ ድንጋይ ይዘው ከኋላ ይቆማሉ፤ ሲደርስ ጎማው ሥር ታኮ ያደርጋሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ሃያ ዓመት እንዲህ ያደርጋሉ። ትናንትም ድንጋያቸውን አቅፈው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ኤርጎ በመስኮት አንገቱን አላወጣም፤ ዝናቡ ፊት አያስገልጥም። መስታወቱን እያየ መጣ። ተሸካሚዎቹ "ቁም!" ብለው ጮኹ። ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ አላሰማውም። በመኪናውና በግድግዳው መካከል ተያዙ። ከዳሌያቸው በታች።

ኤርጎ ወርዶ "ሩቅ ነበሩ፣ ሩቅ ነበሩ" እያለ በእጁ የቆርቆሮውን ግድግዳ ይደበድብ ነበር አሉ። ከአንዷ ሻጭ ሰማሁ፤ ስታወራው ለሌላዋ ነበር። "ጴንጤ አይጠጣም እንዳትይ፣ እንዲህ የሚያደርግ የጠጣ ነው" አለቻት። ኤርጎ ጠጥቶ አያውቅም።

ሩቅ ነበሩ።

እንደሚያሳንስ የነገርኩት ይመስለኛል። ስናስር ነግሬዋለሁ።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

የዕቃ መዝገቡን አወጣሁ። ኮንቬክስ መስታወት፣ አንድ። በግራ በኩል "ተሰብሯል" ብዬ ጻፍኩ፤ ቀኑን ወደ ጥር አደረግሁት። ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ አላውቅም። ማንም አልጠየቀኝም።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

የሐሙሱ አውሮፕላን ጋሽ ሻንቆን ወደ አዲስ አበባ እንዲወስዳቸው ተነጋግረው ነበር። እግራቸው እየጠቆረ ነው፤ እዚህ የሚቆርጥ የለም። በመኪና እንዳይሄዱ የወይጦ ወንዝ ሞልቷል።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ተማሪዎቹን ይዘን ወጣን፤ ሜዳው ላይ ያሉትን ከብቶች ለማባረር። የአውሮፕላኑ ሜዳ ከተማው መካከል ነው፤ ሳሩ ጥሩ ስለሆነ ሁሉም ከብቱን የሚለቀው እዚያ ነው። ጋሽ ሻንቆን በአልጋ ተሸክመው አምጥተው ዛፍ ሥር አስቀመጧቸው። ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነዋል፤ ዝናቡ እንዳይነካቸው። አንድ እጃቸው ወጥቶ ይታያል። ትልቅ እጅ ነው።

አውሮፕላኑ መጣ። ዝቅ አለ፤ የተሳፋሪዎቹን ፊት ለማየት ትንሽ እስኪቀረኝ። ዞረ። እንደገና ዝቅ አለ። ከብት የለም፣ ሰው የለም፣ ሜዳው ባዶ ነው፤ ግን ውሃ ቋጥሯል። ከፍ አለና ወደ ደመናው ገባ። ድምፁ ከጠፋ በኋላም ተማሪዎቹ ጅራፋቸውን ይዘው ቆመው ነበር።

ጋሽ ሻንቆ ከነጠላው ሥር "ወረደ?" ብለው ጠየቁ።

ልጃቸው ባዩሽ "እየወረደ ነው፣ አባ" አለቻቸው።

መጋቢት 9፣ ሰኞ

ዛሬ ንጋት ላይ ዐረፉ።

ኤርጎ እስከ ትናንት የተያዘው በአካል ጉዳት ነበር። አሁን በሰው መግደል ነው።

መጋቢት 18፣ ረቡዕ

ጤናዬ መጣች። ስትገባ ተዋበች የምትሰፋውን ጨርቅ አጥፋ ተነሣችና ወጣች። ባለቤቴ ሁሉንም ነገር ታውቃለች፤ አልነገርኳትም፣ አልጠየቀችኝም።

"ጋሽ ፈለቀ፣ ኤርጎ ዐይቻቸዋለሁ ብሎ ቃል ሰጠ" አለችኝ። "ሁሉም 'አላየሁም በል' አሉት። እስር ቤት ያሉት መከሩት። እኔም ለምኜዋለሁ። 'ዐይቻቸዋለሁ፣ ነገር ግን ሩቅ ነበሩ' አለ። ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ 'አላየሁም ቢል አደጋ ነው፤ አይቶ ከሄደ ግን ሌላ ነው' ይላል። አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ሰው ዐይቶ አላየም የሚባልበት ነገር አለ?"

አለ አልኳት።

"ምንድን ነው?"

መስታወቱ አልኳት። መስታወቱ ያሳንሳል፤ ያነሰውን ዓይን ሩቅ ያደርገዋል። ቀለል አድርጌ ማንኪያ አምጥቼ በጀርባው ፊቷን አሳየኋት። ቆይታ ዐየችው።

"እንዲህ ነው ያያቸው? እንዲህ ትንሽ?"

አዎን።

"ይህን ለዳኛው ማን ይነግረዋል?"

ማንኪያውን ወደ ቦታው መለስኩ። እሷም መስታወቱ ከየት እንደመጣ አልጠየቀችም። ወይ አልነገራትም፣ ወይ ነግሯት ትጠብቀኛለች።

መጋቢት 25፣ ረቡዕ

ከፍርድ ቤት ደብዳቤ መጣ። ርዕሰ መምህራችን አቶ ገብረ ማርያም ዓይናቸው ደክሟል፤ በአጉሊ መነጽር ነው የሚያነቡት። ከጠረጴዛው ማዶ ሳያቸው በመነጽሩ ውስጥ አንድ ትልቅ ዓይን ብቻ ነበር። ከራሳቸው በኩል ፊደሉ ነው ትልቅ የሚሆነው፤ ያም ምናባዊ ምስል ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ፊደል ያው ደቃቃ ነው።

"'በጎባጣ መስታወት ስለሚታይ ምስል ሙያዊ ማብራሪያ የሚሰጥ መምህር ይላክልን' ይላል" አሉ። "የፊዚክስ መምህር ስንት አለን?"

"አንድ።"

"እንግዲህ አንተ ነህ።"

ደብዳቤውን አጠፉ። ከዚያም መነጽሩን ወደ ሌላ ወረቀት አዛወሩ፤ የዕቃ መዝገቡ ነበር።

"አቶ ፈለቀ፣ መስታወት ሲሰበር ስብርባሪው ይመለሳል። ጥለኸው ከሆነ ልጆች እንዳይረግጡት።"

"እሺ።"

"እኔ አሮጌ ሰው ነኝ፤ ቆጠራው የሰኔ ነው" አሉ። መዝገቡን ዘጉት። ሊረዱኝ ፈልገው ይሁን ሊያስፈራሩኝ አሁንም አላውቅም።

ሚያዝያ 3፣ ሐሙስ

እየተዘጋጀሁ ነው። ሁለት ገጽ ሥዕል ሠራሁ፤ ጨረሮቹን በቀይ፣ በእውን የሌሉትን መስመሮች በነጠብጣብ። ቁጥሮቹን አሥር ጊዜ ደጋግሜ ሠራኋቸው።

የመስታወቱ የትኩረት ርቀት ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ነው። ጋሽ ሻንቆ ከመስታወቱ አራት ሜትር ላይ ቆመዋል። ምስላቸው ከመስታወቱ ጀርባ በሃያ ስምንት ሳንቲ ሜትር ላይ ይሆናል። ቁመቱ ዐሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ፤ ከእስክሪብቶ ያንሳል።

ሁለት ነገር አለ፤ ሁለቱም እውነት ነው። ምስሉ ያለበት ቦታ ቅርብ ነው፤ አፍንጫ ሥር። ግን ዓይን ቦታውን አይለካም። ዓይን ሰው ምን ያህል እንደሆነ ያውቃልና ያነሰ ሰው ሲያይ የራቀ ሰው ነው ይላል። ሒሳቡን ስሠራው፣ አራት ሜትር ላይ የቆመው ዐሥራ አራት ሜትር ላይ ያለ ይመስላል። አሥር ሜትር ትርፍ። ኤርጎ ያችን አሥር ሜትር ነው የነዳው።

ይህን ብቻ ብናገር ይበቃል። ይህን መናገር ማንንም አያስጠይቅም።

ግን እውነት ከተናገርኩ አይቀር ሁሉንም እናገራለሁ። መስታወቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ዳኛውን "የተከበሩ" ብዬ እጀምራለሁ። ተዋበች ስፌቷ ላይ አቀርቅራ "ምን ታንሾካሹካለህ?" አለችኝ። እየተለማመድኩ እንደሆነ አላወቅሁም ነበር።

ሚያዝያ 6፣ ፋሲካ

ጎረቤት ዶሮ ይሸታል። ከኤርጎ ቤት ምንም አይሸትም። ጤናዬ የሰጠናትን ድፎ በሩ ላይ ተቀብላ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለች። "ችሎቱ ሐሙስ ነው አይደል?" ብላ ጠየቀችኝ። ቀኑን ታውቃለች። ከእኔ አፍ መስማት ፈልጋ ነው።

ሚያዝያ 10፣ ሐሙስ

መሰከርኩ። የተጠየቅሁትን መለስኩ። ሁሉንም እንዳስረዳ ዕድል አልሰጡኝም። ሥዕሎቹን አላዩአቸውም።

ራሴን አሞኛል።

ሚያዝያ 11፣ ዓርብ

ትናንት የጻፍኩትን አነበብኩት። ልክ አይደለም። እንደሆነው ልጻፈው።

አዳራሹ ሞልቷል። ኤርጎ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል፤ ከስቷል፤ ሸሚዙን ግን ጤናዬ ተኩሳለታለች። መስታወቱ ከዳኛው ፊት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ፊቱ ወደ ላይ። የጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቶቹ፣ ዳኛው፣ ሕዝቡ፣ ሁላችን ውስጡ ነበርን። ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም የንብረት ቁጥር አለ። በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። አልገለበጡትም። ከገባሁበት ጀምሮ ዓይኔ ከዚያ አልተነሣም።

ከኔ በፊት ኤርጎ ተጠየቀ።

"ይህን መስታወት መኪናው ላይ ማን አደረገው?"

"እኔ በሽቦ አሰርኩት።"

"ከየት አመጣኸው?"

"ስፖኪዮው ተሰብሮ ነበር። ያለውን አሰርኩ።"

ዳኛው ቀጥል አሉ። ኤርጎ አይዋሽም። አልዋሸም። ያሰረው እሱ ነው። ወደ እኔ አላየም።

ከዚያ እኔን ጠሩኝ። ዐቃቤ ሕጉ ወጣት ነው፤ ጎበዝ፤ ሳይጮኽ ነው የሚናገረው።

"ጓድ መምህር፣ በዚህ መስታወት የሚታይ ሰው ምስሉ የት ነው የሚገኘው?"

"ከመስታወቱ ጀርባ። ምናባዊ ምስል ነው።"

"ምናባዊ ማለት የሌለ ማለት ነው?"

"ይታያል። ግን እዚያ ቦታ ምንም የለም።"

ሰው ሳቀ። "የማርያም ያለህ፣ ልጆቻችንን ይህን ነው የሚያስተምሩልን!" አለ ከኋላ አንዱ። ዳኛው ጠረጴዛውን በእርሳስ መቱ።

"ላቅልለው። ሟች አራት ሜትር ላይ ነበሩ። ምስላቸው ከመስታወቱ በስንት ርቀት ይሆናል?"

"ሃያ ስምንት ሳንቲ ሜትር።"

"ከአራት ሜትር ይቀርባል ወይስ ይርቃል?"

"ይቀርባል።"

"እንግዲህ ተከሳሹ ሟችን ካሉበት አቅርቦ ነው ያያቸው።"

እዚህ ላይ ነው። እዚህ ላይ "ኧረ አይደለም" ማለት ነበረብኝ።

"ምስሉ ይቀርባል" አልኩ። ከዚያ "ግን" አልኩ።

ዳኛው ቀና አሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ፊታቸው ክፉ አይደለም። "ግን ምን?"

"ያንሳል።"

"ያንሳል ማለት?"

ይህን ሲጠይቁኝ እጃቸውን ዘርግተው መስታወቱን በጠርዙ ያዙት። ሊያነሡት ነበር። ወይም እንዲያው ያዙት። መስታወቱ ውስጥ ጣሪያው ዘመመ።

"መጠኑ" አልኩ። "መጠኑ ነው የሚያንሰው።"

"መጠኑን አልጠየቅንም" አለ ዐቃቤ ሕጉ።

ዳኛው ግን እኔን ነበር የሚያዩት። "ሌላ የምታስረዳን አለ? ጊዜ አለን።"

ጊዜ አለን አሉኝ። ሥዕሎቹ ብብቴ ሥር ነበሩ።

"የለም" አልኩ።

እጃቸውን ከመስታወቱ አነሡ። አመሰገኑኝ።

ሚያዝያ 12፣ ቅዳሜ

ስናስረው እንዲህ ነበር ያለው፣ የካቲት 14 ቀን፦ "ሰውን እንዲህ ካሳነሰው ርቀቱን በምን ዐውቃለሁ?"

"ትለምደዋለህ" አልኩት።

እንደሚያሳንስ አልነገርኩትም። የነገረኝ እሱ ነው።

ሚያዝያ 15፣ ማክሰኞ

በመንገድ ላይ ሰው ቀድሞ ሰላም ይለኛል። "ጎበዝ፣ በቁጥር አስቀመጥክለት" አለኝ የቀበሌያችን ጸሐፊ። የጋሽ ሻንቆ ልጅ ባዩሽ ገበያ ላይ ቆማ እጅ ነሣችኝ። ለአባቷ የቆምኩ መስሏት ነው።

ክፍል ውስጥ ዘሪቱ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ፍርድ ቤት የተናገሩትን አባቴ ነገረኝ። እርስዎ ግን ለኛ ኮንቬክስ ሲያስተምሩ 'ሩቅ ያስመስላል' ብለውን ነበር። ደብተሬ ላይ አለ።"

ሁለቱም ልክ ነው አልኳት።

"ፈተና ላይ ቢመጣ የቱን እንጻፍ?"

ደወሉ ተደወለ።

ሚያዝያ 24፣ ሐሙስ

አራት ዓመት።

ፍርዱ ሲነበብ፦ "በባለሙያ እንደተረጋገጠው፣ ምስሉ ከትክክለኛው ርቀት ቀርቦ ይገኝ የነበረ በመሆኑ፣ ተከሳሹ 'ሩቅ መስሎኝ ነው' ሲል ያቀረበው መከላከያ ተቀባይነት የለውም።" ባለሙያው እኔ ነኝ። "ርቀው የታዩ መሆኑ ቢረጋገጥ ኖሮ ቅጣቱ በወራት የሚቆጠር ይሆን ነበር" የሚልም አለበት።

ኤርጎ "እሺ" አለ። ዳኛው ሳይጠይቁት።

ጤናዬ አላለቀሰችም። ወጥታ ግንቡ ሥር ተቀመጠች፤ ምግብ ያመጣችበትን ሳህን በነጠላዋ ጫፍ ታብሳለች፤ ንጹሕ ነው፤ ታብሰዋለች።

ግንቦት 3፣ ቅዳሜ

ጤናዬ ይግባኝ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። ማመልከቻ ጸሐፊው "አሳማኝ ምክንያት አምጪ" ብሎ መልሷታል።

"አንተ የፈለግከውን ያህል ወረቀት ላይ ትናገራለህ" አለችኝ። "እዚያ አዳራሹ ውስጥ ሰው ይበዛል፤ ሰው ሲበዛ ለማንም ይከብዳል።"

ይህን ስትል ፊቷን ዐየሁት። ምንም የተደበቀ ነገር አላየሁበትም። ብታፌዝብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከጠዋት ጀምሮ ጻፍኩ። አራት ገጽ ሆነ። ስለ መጠን፣ ስለ ዓይን፣ ስለ አሥሩ ሜትር ሁሉንም አስገባሁ። መጨረሻው ላይ አምስት መስመር ጨመርኩ፦ መስታወቱ የትምህርት ቤት ንብረት መሆኑን፣ አውጥቼ የሰጠሁት እኔ መሆኔን፣ ተከሳሹ ስለ ርቀቱ ጠይቆኝ በቂ መልስ ያልሰጠሁት መሆኔን፣ ችሎት ፊት ማብራሪያዬን ሳልጨርስ የቀረሁት በፍርሃት መሆኑን። ስሜን፣ ሥራዬን ጻፍኩ።

ተዋበች ከትከሻዬ በላይ አነበበችው። ሄዳ ልጆቹን ማጠብ ጀመረች። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማኝ ነበር።

ግንቦት 6፣ ማክሰኞ

ኤርጎን ለማስፈረም ወህኒ ቤት ሄድኩ። እስረኛና ጠያቂ በሽቦ አጥር ወዲህና ወዲያ ሆነው ይነጋገራሉ፤ ዘበኛው አጠገባቸው ይመላለሳል። "መምህር፣ እዚህም ልታስተምር መጣህ? የሚማር ሞልቷል" አለኝ። ሳቅሁለት።

ኤርጎ መጣ። ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፤ ስለ ወይጦ፣ ጎድሎ እንደሆነ። መኪናውን ማን እንደያዘው ጠየቀ። ማመልከቻውን ዝቅ ባለ ድምፅ አነበብኩለት። አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሰማኝ። ስለ አሥሩ ሜትር ሳነብ ራሱን ነቀነቀ። "እንዲያ ነው" አለ። "ልክ እንዲያ ነው። እዚያ ማዶ ነበሩ።"

ወደ አምስቱ መስመሮች ደረስኩ። ስጨርስ ዓይኑን ገለጠ።

"ይህን ሰርዘው።"

"እውነት ነው እኮ፣ ኤርጎ።"

"እውነት ነው። ወረቀት ላይ ሲገባ ግን ምን ይሆናል? ኤርጎ ከትምህርት ቤት የመንግሥት ንብረት ወሰደ ይሆናል። አራቱ ላይ ሌላ ይጨምሩልኛል። አንተንም እዚህ ያመጡሃል። ያኔ ጤናዬ ወረቀት የሚጽፍላት ማንን ትፈልግ?"

ዘበኛው አለፈ። እስኪርቅ ጠበቅን።

"ያን ቀን ስትናገር እጠብቅህ ነበር" አለ። "ሰጠሁት እንድትል አይደለም። እሱን እንዳትል እየጸለይኩ ነበር። 'ያነሰ ሩቅ ይመስላል' እንድትል ብቻ። አንዲት ቃል ናት። እሷ ማንንም አትጎዳም ነበር።"

አልተቆጣም። እንደ ሾፌር ነው የተናገረው፤ መንገዱ የት ላይ እንደሚበላሽ እንደሚነግር ሰው።

"አሁን እኮ ጽፌያታለሁ" አልኩ።

"ጽፈሃል። ማመልከቻ ጸሐፊው ግን ለጤናዬ ነግሯታል፤ ይግባኝ ሰሚዎቹ የሚያዩት እዚህ የተባለውን ነው አሉ፤ አዲስ ቃል አይሰሙም። ይሁን፤ ይላክ። እሷ ተስፋ ይኑራት። ይህን ግን ሰርዘው።"

እስክሪብቶውን አወጣሁ። ወረቀቱን የአጥሩ ግንድ ላይ አስደግፌ፣ አምስቱን መስመር አንድ በአንድ፣ ፊደሉ እስኪጠፋ ድረስ ሰረዝኩ። ከዚያ በሽቦው መካከል አሳለፍኩለት፤ ስሙን ቀስ ብሎ፣ እንደ ተማሪ ጽፎ መለሰልኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ሜዳው ደርቆ ነበር፤ ከብቶቹ ተመልሰዋል። ይህን ስጽፍ የሚከብደኝን ነገር እየፈለግሁ ነው። ጤናዬን ዐስባለሁ፤ አራት ዓመቱን ዐስባለሁ፤ ጋሽ ሻንቆን ዐስባለሁ። ሁሉም አለ። ነገር ግን የሰረዝኩባቸው መስመሮች ቀጥ ያሉ ነበሩ። ከላይ 'እስክሪብቶውን አወጣሁ' ብዬ ጽፌያለሁ፤ መጀመሪያ ሰርዘው ሲለኝ፣ ገና ቃሉን ሳይጨርስ፣ እስክሪብቶው እጄ ውስጥ ነበር።